በምራቅ የሚደረገው የማይክሮአርኤንኤ ምርመራ ለእናቴ ድድ ይረዳል?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ «እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ ይደማል፤ ከታች ሁለት የፊት ጥርሶቿ መነቃነቅ ጀምረዋል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ የድድ በሽታን ከምራቅ በማይክሮአርኤንኤ የሚለይ ምርመራ እንዳለ፣ የተበላውን አጥንት የሚመልስ መርፌም እየመጣ እንደሆነ አንብቦ ላከልኝ። እዚህ አዲስ አበባ ያየቻት ሐኪም ግን ያዘዘችው እጥበትና የሦስት ወር ስኳር ምርመራ ብቻ ነው። ምራቋን እንላክ? መርፌው እስኪመጣ እጥበቱ ይቆይ?»

እጥበቱ አይቆይ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚቀጥለው ረዘም ስለሚል፣ መሃል ላይ ቢሰለቹ እንኳ የእናትዎ ቀጠሮ እንዳያልፍ ብዬ ነው።

ወንድምዎ የላኩልዎት ነገር ከመሬት የተነሣ ወሬ አይደለም። ማይክሮአርኤንኤ የሚባሉት ሞለኪውሎች እ.ኤ.አ. በ1993 በአንዲት አንድ ሚሊ ሜትር በምትሆን ትል ላይ ነው የተገኙት (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን ለዚሁ ሥራቸው በ2024 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ለረጅም ጊዜ የትል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ቆይቶ በ2000 ሁለተኛው ሲገኝና እሱም በሰውም በዓሣም በነፍሳትም እንዳለ ሲታወቅ ነው ሁሉም የተነቃቃው።

ሥራቸው ይህ ነው። ዲኤንኤ ላይ ያለው ዘረመል ፕሮቲን እንዲሠራ መጀመሪያ መልእክቱ ወደ አርኤንኤ ይገለበጣል። ማይክሮአርኤንኤ ራሱ ፕሮቲን አይሠራም፤ 22 ያህል ፊደል ብቻ ያለው ቁራጭ ነው። ከሴሉ አስኳል ውስጥ ድሮሻ በሚባል ኢንዛይም ይቆረጣል፣ ከወጣ በኋላ ዳይሰር የሚባለው እንደገና ያሳጥረዋል፣ ከዚያ አርጎኖት በተባለ ፕሮቲን ላይ ተቀምጦ ፊደሎቹ የሚገጥሙትን መልእክት ይፈልጋል። ሲያገኘው ይለጠፍበትና ወይ እንዳይነበብ ያደርገዋል ወይ ያስበጣጥሰዋል። አንዱ ማይክሮአርኤንኤ በመቶ የሚቆጠሩ መልእክቶችን ሊነካ ይችላል። ይህን ይያዙልኝ፤ መድኃኒቱን በተመለከተ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ድድ ላይ ምን አገባቸው?

የድድ በሽታ የሚጀምረው በባክቴሪያ ነው። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ፣ ትሬፖኔማ ዴንቲኮላና ታነሬላ ፎርሲቲያ የተባሉት ሦስቱ ጥልቅ በሆነ የድድ ኪስ ውስጥ አብረው ይገኛሉ። አጥንቱን የሚያጠፉት ግን በቀጥታ እነሱ አይደሉም፤ እነሱን ለመዋጋት የወጣው የራሳችን መከላከያ ነው። ድድ ሲቆጣ ከመከላከያ ሴሎች የሚረጩት ኬሚካሎች ራንክል የሚባለውን ፕሮቲን ያበዙታል፤ ራንክል ደግሞ አጥንት የሚሸረሽሩትን ኦስቲዮክላስት የተባሉ ሴሎች ይቀሰቅሳል። ለዚህም ነው ታርታር (ጥርስ ላይ የሚጠነክረው ቆሻሻ) እንደ ድንጋይ የተጋገረባቸው ሰዎች ጥርሳቸው ሳይነቃነቅ ሲያረጁ፣ ብዙም ቆሻሻ የማይታይባቸው ደግሞ በ35 ዓመታቸው ጥርሳቸውን በእጃቸው ይዘው የሚመጡት። ልዩነቱ ያለው ሰውነት በሚሰጠው ምላሽ መጠን ላይ ነው። ያን መጠን ከሚቆጣጠሩት ነገሮች መካከል ደግሞ ማይክሮአርኤንኤዎች አሉ።

በድድ ጥናት ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ሁለት ናቸው፤ ሚር-146ኤ እና ሚር-155 («ሚር» ማይክሮአርኤንኤ ለማለት ነው)። የመጀመሪያው ፍሬን፣ ሁለተኛው ነዳጅ መስጫ ናቸው ብለው ይያዟቸው። ሚር-146ኤን ከዚህ አንጻር ያሳወቀው በ2006 አሜሪካ ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የዴቪድ ባልቲሞር ላብራቶሪ ነው። ሴሉ የባክቴሪያ ግድግዳ ሲነካው ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የሚባለው የብግነት (የቁጣው) ቁልፍ ይከፈታል፤ ያው ቁልፍ ሚር-146ኤንም ያስመርታል፤ ሚር-146ኤ ደግሞ ተመልሶ ወደ ቁልፉ የሚወስዱትን አይራክ1 እና ትራፍ6 የተባሉ ፕሮቲኖች ይቀንሳል። ማለትም ቁጣው ራሱን የሚያበርድበትን መንገድ አብሮ ይዞ ይነሣል። ሚር-155 በተቃራኒው ሶክስ1 እና ሺፕ1 የተባሉትን አብራጆች ስለሚጫን ቁጣው ይብስበታል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በታመመ ድድ ውስጥ ሚር-146ኤ ሲለካ በብዙ ጥናቶች ከፍ ብሎ ነው የተገኘው። ፍሬኑ ነው ከፍ ያለው! እንግዲህ ከላብራቶሪ «የእናትዎ ሚር-146ኤ ከፍተኛ ነው» የሚል ወረቀት ቢመጣልዎት እንዴት ያነቡታል? በሽታው በርትቷል ማለት ነው ወይስ ሰውነታቸው በደንብ እየተከላከለ ነው? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። አንድን ቁጥር ለብቻው አንሥቶ «ይህ ካለ በሽታ አለ» ማለት በዚህ መስክ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው፤ ምርመራ የሚሸጡትም ይህን ሲያስረዱ አይሰማም።

ይህን ስል ምርመራው አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም አሁን ያለን መሣሪያ ጉድለት አለበት። ሐኪሟ በፕሮብ፣ ማለትም ሚሊ ሜትር በተቀረጸበት ቀጭን ብረት፣ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ትለካለች። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያለው ጤነኛ ነው፤ 4 እና ከዚያ በላይ ኪስ ነው። ራጁም አጥንቱ የት ድረስ እንደወረደ ያሳያል። ሁለቱም የሚነግሩን ያለፈውን ነው፤ አጥንቱ ከሄደ በኋላ። ዛሬ እየሸሸ ይሁን ወይም ከአምስት ዓመት በፊት ሸሽቶ የቆመ ይሁን አይነግሩንም። ድድ ሲነካ አለመድማቱ ደህና መሆኑን በአስተማማኝ ሁኔታ ይነግረናል፤ መድማቱ ግን አጥንቱ ነገ እንደሚሄድ አይነግረንም።

በ2017 በቺካጎ የድድ ባለሙያዎች ተስማምተውበት በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ የድድ በሽታ ምደባ ይህን ጉድለት ለመሙላት በሽታውን በፍጥነቱም ይመድበዋል። በአምስት ዓመት ውስጥ 2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሄደበት ሰው ፈጣኑ ክፍል ውስጥ ይገባል። ለዚህ ግን የአምስት ዓመት ራጅ ያስፈልጋል። እኛ ጋ ስንቱ ታካሚ ነው የድሮ ራጁን ፌስታል ውስጥ አስቀምጦ ይዞ የሚመጣው? በዚያው ምደባ ሰንጠረዥ ላይ ስለ ባዮማርከር የተተወ ረድፍ አለ፤ ከምራቅ፣ ከድድ ፈሳሽና ከደም የሚገኙ የአጥንት መጥፋት ምልክቶች በሚለው ሥር የተጻፈው የጥያቄ ምልክት ነው። ማይክሮአርኤንኤ አንድ ቀን ያን ቦታ ይሞላ ይሆናል። እስካሁን አልሞላውም፤ ለምን እንዳልሞላው ናሙናው እንዴት እንደሚወሰድ ቢያዩ ይገባዎታል።

ከድድ ኪስ ፈሳሽ ለመውሰድ ጥርሱ በጥጥ ከምራቅ ይለያል፣ በአየር ይደርቃል፣ ከዚያ ጠባብ የወረቀት ቁራጭ ጫፉ ኪሱ አፍ ላይ ገብቶ ለ30 ሰከንድ ያህል ይቆያል። ወረቀቱ የሚጠጣው ከአንድ ማይክሮ ሊትር የማይበልጥ ነገር ነው፤ የዓይን ጠብታ መድኃኒት አንዷ ጠብታ ከዚያ ብዙ እጥፍ ትሆናለች። ወረቀቱ ላይ ቀይ ነጥብ ከታየ ይጣላል። የሚጣለውም ለንጽሕና ተብሎ አይደለም። ቀይ የደም ሴሎች ሚር-451 እና ሚር-16 የተባሉትን በብዛት የተሸከሙ ናቸው። ብዙ ላብራቶሪዎች ደግሞ ሚር-16ን ሌላውን የሚያነጻጽሩበት መለኪያ አድርገው ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ድዱ ሲደማ መለኪያው ራሱ ይለወጣል ማለት ነው። ሊመረመር የመጣው ሰው ደግሞ የመጣው ድዱ ስለሚደማ ነው!

ሚር-223ም ሌላው ነው። በታመመ ድድ ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ኦስቲዮክላስት ከሚፈጠርበት ሂደትም ጋር ይያያዛል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ግን በሚር-223 የተሞሉ ናቸው፤ ድድ ሲቆጣ በመጀመሪያ የሚጎርፉት እነሱ ናቸው። ከፍ ያለው ቁጥር ድዱ ውስጥ ያለው ሥርዓት ተለውጦ ነው ወይስ ኒውትሮፊሉ ስለበዛ ብቻ? ኒውትሮፊሉ ስለበዛ ከሆነ ደግሞ ድዱ ማበጡንና መቅላቱን በዓይን ያየነውን በውድ ዋጋ ደግመን ለካነው ማለት ነው።

ምራቅ ለመውሰድ ይቀላል፤ ሕፃንም መትፋት ይችላል። ማይክሮአርኤንኤው ኤክሶዞም በሚባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ስለሚጓዝ አርኤንኤ ከሚያፈርሱት ኢንዛይሞች በመጠኑ ይጠበቃል። ግን ምራቅ የመላው አፍ ድምር ነው። ችግሩ ያለው ከታች ሁለት የፊት ጥርሶች ላይ ይሁን ከላይ መንጋጋ፣ ከምላስ ቁስል ይሁን ከጉሮሮ አይለይም። ልኬቱ የሚሠራው ሁላችን ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ በምናውቀው ፒሲአር ነው፤ እዚያ አንድ ዙር ቀድሞ መታየት ማለት የመጠን እጥፍ ስለሆነ ናሙናው አያያዙ ላይ ትንሽ ስሕተት ብትገባ ውጤቱ ላይ ትገዝፋለች። ምራቁ ሳይቀዘቅዝ ቀናት ተጉዞ ሌላ አገር ቢደርስ ምን እንደሚቀረው እርስዎ ይገምቱ። በዚያ ላይ ስኳር ራሱ ብቻውን የእነዚህን ሞለኪውሎች መጠን ይለውጣል፤ ሲጋራም እንደዚያው።

የሚታተሙት ጥናቶች ላይ «ምርመራው በሽታውን በጥሩ ሁኔታ ለየ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የተነጻጸሩት በጣም የታመመ አፍና ፍጹም ጤነኛ አፍ ናቸው። ያንን ልዩነት እኮ በፕሮብና በመስታወት በደቂቃዎች ውስጥ እንለየዋለን። እኛን የሚቸግረን ሌላ ነው፦ ድዳቸው ከሚደማ ሁለት ሰዎች አጥንቱን ሊያጣ ያለው የትኛው ነው? ይህን ለመመለስ ሰዎችን ለዓመታት መከታተል ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያሉት ጥናቶች ጥቂት ናቸው። ጥናቶቹም ስለ አንዱ ማይክሮአርኤንኤ እርስ በርስ የማይስማሙበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገሩን ለማነጻጸር ያህል፣ ኤምኤምፒ-8 የሚባል፣ ኮላጅንን (ድድን አጥብቆ የሚይዘውን ፕሮቲን) የሚቆርጥ ኢንዛይም ታካሚው ሐኪም ወንበር ላይ እንዳለ በደቂቃዎች የሚለካ ኪት ወጥቶለት በአንዳንድ አገሮች ይሠራበታል። እሱ እንኳ የፕሮብን ቦታ አልወሰደም።

አሁን ወደ መርፌው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የጎደለውን ማይክሮአርኤንኤ አስመስሎ ሠርቶ ማስገባት፣ ወይም የበዛውን በተቃራኒ ፊደላት አጣብቆ ማሰር። ሁለተኛው በሰው ላይ ተሞክሮ ያውቃል፦ ሚር-122ን የሚያስር ሚራቪርሰን የተባለ መድኃኒት በሄፓታይተስ ሲ ታማሚዎች ላይ ቫይረሱን መቀነሱ በ2013 ታትሟል። የመጀመሪያው ደግሞ ሚር-34ኤን የሚያስመስል የካንሰር መድኃኒት ነበር፤ በ2016 ከባድ የመከላከያ ሥርዓት ምላሽ ስላስከተለ ሙከራው ቆመ። አንዱ ማይክሮአርኤንኤ መቶ መልእክት ይነካል ያልኩዎት እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚያስከፍለው። እስከ ዛሬ ለየትኛውም በሽታ የተፈቀደ የማይክሮአርኤንኤ መድኃኒት የለም፤ ለድድም የለም። ወንድምዎ ከ2018 ጀምሮ የተፈቀዱ የአርኤንኤ መርፌዎች እንዳሉ አንብበው ከሆነ፣ እነዚያ አንድን መልእክት ብቻ ለይተው እንዲያጠፉ የተሠሩ የቅርብ ዘመድ ናቸው እንጂ ማይክሮአርኤንኤ አይደሉም፤ የሚታዘዙትም ለሌሎች በሽታዎች ነው።

ድድን በተመለከተ ያለው ውጤት በአይጥ ነው። የአይጧ መንጋጋ ጥርስ አንገት ላይ የሐር ክር ይታሰራል፤ ክሩ ቆሻሻ ይይዛል፣ አጥንቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሸሻል። በዚያ ጊዜ ሚር-146ኤ ወይም ሚር-200ሲ በናኖ ቅንጣት ተጠቅልሎ ድዱ ላይ ሲወጋ የሚጠፋው አጥንት ቀንሷል። በሌላ በኩል ሚር-26ኤን ቀስ በቀስ የሚለቅ ስፖንጅ መሰል ነገር የአይጥ ጭንቅላት አጥንት ላይ የተሠራን ክፍተት ሞልቷል። ጥሩ ሥራዎች ናቸው፤ ድድም ለእንዲህ ያለ መድኃኒት ከጉበት ይልቅ የተመቸ ቦታ ነው፤ በእጅ ይደረስበታል፣ መጠኑም ትንሽ ይበቃል። ግን የእናትዎ አጥንት የሸሸው በሁለት ሳምንት ሳይሆን በዓመታት ነው፤ አይጧ ስኳር የላትም፣ ክሩም ሲፈታ ምክንያቱ ይወገዳል። ከኪሱ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚወጣው ፈሳሽ የገባውን ያጥበዋል። የብግነት ፍሬን ረግጦ ባክቴሪያውን እዚያው መተው ደግሞ ጠላት በር ላይ እያለ ዘበኛውን ማስተኛት ስለሚሆን፣ መድኃኒቱ አንድ ቀን ቢመጣ እንኳ የሚሰጠው ከእጥበት በኋላ ነው። ሚር-21ንና ሚር-155ን የመሳሰሉት ከካንሰር ጋር ያላቸው ዝምድናም የሚያስፈራ ስለሆነ ማንም ተቆጣጣሪ በቀላሉ አያሳልፋቸውም።

ዛሬ አጥንት ለመመለስ በእጃችን ያለው የአጥንት መሙያ፣ መጋረጃ መሰል ሽፋንና ከኢናሜል (ከጥርስ ጠንካራ የላይ ሽፋን) የተገኘ ፕሮቲን ነው። እነሱም የሚሠሩት ቁልቁል ጠባብ ሆኖ በተበላ ቦታ ላይ፣ ስኳሩ ተስተካክሎ፣ አፉ ከጸዳ በኋላ ነው። አጥንቱ ዙሪያውን እኩል ከወረደ ብዙ አይመለስም፤ ማቆም ይቻላል።

ስለዚህ ምራቁን አይላኩ። ውጤቱ ምንም ቢሆን ሐኪሟ የምታደርገው አይለወጥም፤ የማይለውጥ ምርመራ ደግሞ ገንዘብ ማውጫ ነው። የሥነ ምግባር ፈቃድ ያለው የምርምር ቡድን ናሙና ቢጠይቅዎት ግን በነጻ ይስጡ፤ ያ ሌላ ነው።

ሐኪሟ ያዘዘችው ሁለት ነገር በቂ ምክንያት አለው። የድድ ሕክምና ስኳርን ያወርዳል፤ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት በ2022 ያወጣው ግምገማ የሦስት ወር ስኳሩ ከሕክምናው 3 እስከ 4 ወር በኋላ በአማካይ በ0.43 ነጥብ፣ በዓመቱ በ0.50 ነጥብ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንድ ተጨማሪ የስኳር መድኃኒት ከሚያመጣው ለውጥ የማይርቅ ነው። በተቃራኒው የሦስት ወር ስኳሩ 7 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ድዱ ፈጣኑ ክፍል ውስጥ ይመደባል። እናትዎ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ለሐኪሟ ይንገሩ፤ አምሎዲፒን ድድን ሊያሳብጥ ይችላል።

እናትዎ በልጅነታቸው ድዳቸውን ተነቅሰው ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ሰማያዊው ንቅሳት የድዱን መቅላት ይሸፍናል። ብዙ እናቶች «ድዴ ደህና ነው፣ አልቀላም» ብለው ዘግይተው የሚመጡት በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ድድ በዓይን አይፈረድበትም፤ በፕሮብ መለካት አለበት፤ ሐኪሟም ላይ ላዩን አይታ እንዳትተው ይጠይቋት።

እጥበት ሲባል ከላይ የሚታየውን ታርታር ማንሣት ብቻ እንዳይመስልዎ። ኪሱ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ማደንዘዣ ተሰጥቶ ሥሩ ከድድ በታች መጽዳት አለበት፤ በአንድ ቀን ላያልቅ ይችላል። «እጥበት ጥርስ ያላላል» የሚለውን ይሰሙ ይሆናል። እብጠቱ ሲወርድ ድዱ ስለሚሰበሰብ ጥርሱ የረዘመ ይመስላል፣ ቀዝቃዛም ይሰማዋል፤ ታርታሩ ሲነሣ ታስሮ የነበረው ጥርስ የበለጠ የላላ ይመስላል። ጥርሱ የላላው ቀደም ብሎ አጥንቱ ሲሸሽ ነው። ሁለቱ የፊት ጥርሶች በጣም ካስቸገሩ ከጎረቤታቸው ጋር ማሰር ይቻላል። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝተው አያስጀምሯቸው፤ ከታርታሩ በታች ያለውን አያገኘውም። መፋቂያ የሚወዱ ከሆነ አይከልክሏቸው፣ ከፊት ለፊት በኩል በደንብ ያጸዳል፤ በጥርስ መሐል ግን አይገባም፣ ለዚያ ትንሿን የጥርስ መሐል ብሩሽ ይግዙላቸው።

በቀጠሮው ቀን በልተውና መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ወስደው ይሂዱ። ጾም ላይ ከሆኑ ቀጠሮው በየትኛው ሰዓት ቢሆን እንደሚሻል አስቀድመው ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ፤ የስኳር መድኃኒት ወስደው ሳይበሉ የሕክምና ወንበር ላይ መቀመጥ ስኳሩን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርደው ይችላል። የኪሶቹ ልክ የተጻፈበትን ወረቀት ሐኪሟን ጠይቀው በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፣ ራጁንም ይዘው ይመለሱ። በሦስት ወሩ እንደገና ሲለኩ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያዩ። 6 የነበረው 4 ሆኖ ካልደማ ክትትሉን በየሦስት ወሩ ይቀጥሉ። 6 ሆኖ ቀርቶ አሁንም ከደማ ወደ ድድ ስፔሻሊስት እንድትልካቸው ያን ጊዜ ሐኪሟን ይጠይቁ።